የባሕር ዳር አከራይ ይመስገን

ባሕር ዳር ስትሞገስ የሚነሡት ነገሮች ሁልጊዜ አንድ ናቸው፤ ጣና፣ ገዳማቱ፣ ዘንባባዎቹ፣ ዓባይ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አወዳሽ ላጣ ሌላ የከተማዋ ሀብት፣ ማለትም የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ለሚጽፉት አከራዮችና ደላሎች፣ ምስጋና ላቀርብ ተነሥቻለሁ። ከዓባይ ማዶ የመብራት ምሰሶ ጀምሮ እስከ ቴሌግራም ቻናል ድረስ የሚለጠፈው ጽሑፋቸው የሚገባውን ክብር ተነፍጎ ኖሯል።

አስቀድሞ የሚደነቀው ትሕትናቸው ነው። በሌላው ንግድ ባለዕቃው የሚያወራው ስለ ዕቃው ሲሆን፣ የእኛ አከራይ ግን ስለ ቤቱ ማውራትን እንደ ጉራ ስለሚቆጥረው የሚጽፈው ስለ ተከራዩ ብቻ ነው። «አንድ ክፍል ሰርቪስ፤ ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ለሆኑ፣ ጨዋ ለሆኑና የግቢውን እምነት ለሚከተሉ ብቻ» የሚለውን ያነበበ ሰው ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ፣ መጸዳጃ ቤቱን ስንት አባወራ እንደሚጠቀምበት አያውቅም፤ እዚያ ቤት እንዲያድር የተፈቀደለት ሰው ግን ወለል ብሎ ይታየዋል። ጣሪያው ማፍሰስ አለማፍሰሱ ክረምት ሲገባ ይታወቃል፤ የተከራዩ ትውልድ ግን ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት መጣራት አለበት።

የሕግ ዕውቀታቸውም የሚናቅ አይደለም። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በሀብት፣ በትውልድ ምክንያት በሰዎች መካከል ልዩነት እንዳይደረግ ደንግጓል። ሕግ አውጪው ይህን ሁሉ የዘረዘረው ለመከልከል ነበር፤ አከራዮቻችን ግን ዝርዝሩን እንደ መጠይቅ ቅጽ ተጠቅመውበት፣ የሚበዛውን በአንዲት የደብተር ቅጠል ላይ አስፍረውታል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም የሰዎችን እኩልነት የሚነካ ማስታወቂያ እንዳይሠራጭ ይከለክላል፤ ነገር ግን አዋጅ ምሰሶ ለምሰሶ ሲዞር ታይቶ አያውቅም።

ጥንቃቄያቸው ደግሞ እንዴት ያለ ነው! ለወንደላጤ የማይከራየው ሴት ስለሚያመጣ ነው፤ ለብቻዋ ለምትኖር ሴት የማይከራየው ወንድ ስለሚመጣባት ነው፤ ባልና ሚስት እንዳይባል ደግሞ ይወልዳሉ። ተማሪ ይጮኻል፤ ለተፈናቃይስ ማን ዋስ ይሆናል? እንግዲህ ፍጹሙ ተከራይ ያገባ፣ የማይወልድ፣ ዘመድ የማይጠይቀው፣ ደመወዙ በወሩ የሚገባለትና ኮቴው የማይሰማ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ ቤት ያለው መሆኑ የአከራዮቻችን ጥፋት አይደለም።

እርግጥ የከተማዋ ታሪክ ለዚህ ጥበብ ጥቂት ያስቸግራል። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲከፈቱ ሻንጣውን ይዞ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ሠራተኛና ተማሪ በዛሬው መመዘኛ ቢለካ ኖሮ፣ ስንቱ ከአውቶቡስ ሳይወርድ በተመለሰ ነበር፤ ከተመላሾቹ መካከልም ከዛሬዎቹ አከራዮች የአንዳንዶቹ አባቶች አይጠፉም ነበር።

ሠለጠንን የሚሉት አከራዮች በበኩላቸው ከወረቀቱ ላይ ክልከላውን ሁሉ አጥፍተው ወደ ስልክ አዛውረውታል። ደዋዩ ቤቱ መኖሩን ይጠይቃል፤ አለ ይባላል። ማየት ይችል እንደሆነ ሲጠይቅ፣ «ስምህን ማን ልበል ልጄ?» የሚል ርኅራኄ የተሞላበት ድምፅ ይመጣል። ስሙን ይናገራል። «የአባትህስ?» ያንንም ይናገራል። «አዬ ልጄ፣ አሁን በዚህች ደቂቃ ተያዘ!» በዚያች ደቂቃ የተያዘው ቤት ማስታወቂያው ለሦስት ሳምንት ከምሰሶው ባይወርድ፣ የሚመሰገነው ሙጫው ነው።

የጽሑፉን ማስዋቢያም ሳላነሣ አላልፍም። በቴሌግራም የሚለቀቀውን ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚያደምቀው የቤቱ ፎቶ ሳይሆን የጣና ፎቶ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በውኃው ላይ የምትንሳፈፍ አንዲት የደንገል ታንኳ። ታንኳ በመሥራት የሚታወቀው ነገደ ወይጦ ባሕር ዳር ከተማ ከመሆኗ በፊት ከሐይቁ ዳር የኖረ፣ ጎረቤቶቹ ግን አብረውት ገበታ ለመቅረብ ሲጸየፉት ዘመናት ያለፉበት ማኅበረሰብ ነው። በማስታወቂያዎቻችን ላይ በስሙ የተጻፈ ክልከላ አይገኝም። ይህ ከቅንነት የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ አከራዩ ከእነርሱ አንዱ ደውሎ ቤት ይጠይቀኛል ብሎ አስቦ ስለማያውቅ ነው። ከታንኳዋ ፎቶ ሥር የሚነበበውም «ለአካባቢው ተወላጅ ቅድሚያ እንሰጣለን» የሚል ነው።