ቦዩ በሰዓት ይከፈል ወይስ በሊትር?

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ከቦርከና ገባር የተጠለፈ አንድ የአፈር ቦይ አለ። 32 ገበሬዎች ውሃውን በሰዓት ተራ ይከፋፈላሉ፤ ተራውን የሚያስጠብቀው የውሃ አባት ነው። ዘንድሮ በመጋቢት የግርጌው ሽንኩርት ሲደርቅ ጥያቄው ተነሣ፦ ውሃው እየተለካ ይሰጥ ወይስ እንደ ነበረው ይቀጥል? ተከራካሪዎቹ በግርጌ የአባቱን ማሳ የሚያለማ የመስኖ ባለሙያ እና ለብዙ ዓመት የውሃ አባት የነበሩ አዛውንት ናቸው።

ባለሙያው፦ ጋሼ፣ ተራ ተሰረቀ አልልም። 6 ሰዓት የተባለው 6 ሰዓት ሆኖ ይደርሰናል፤ የማይደርሰን ውሃው ነው። በ90 ዲግሪ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ የላሜራ ሰሌዳ ቦዩ ላይ ቢተከል፣ ውሃው ከቁርጡ የታችኛው ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲያልፍ በሰከንድ 25 ሊትር ገደማ ይሆናል። ከፍታው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲወርድስ? ዓይን ግማሽ ነው ይላል። ልኩ ግን ከ4 ሊትር ተኩል አይበልጥም። ከላይ ያሉት ሞተሮች ቀን ቀን ከወንዙ ሲስቡ ቦዩ ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ ሌሊት ተራ የደረሰው በ6 ሰዓት 540 ሜትር ኩብ ሊያገኝ ይችላል፤ ቀን የደረሰው ደግሞ 95። ሁለቱም «ተራዬን ጨረስኩ» ብለው ይፈርማሉ። ይህ ፍትሕ ነው?

አዛውንቱ፦ ስሌትህን አልነካም፤ ዓይኔ ይህን ያህል እንደሚዋሸኝም አላውቅም ነበር። ግን ሰሌዳህ የሚናገረው ስለ ቦዩ አፍ ነው። የአፈር ቦይ መጀመሪያ የሚያጠጣው ራሱን ነው። አንድ ሌሊት ውሃው መንገድ ላይ ጠፋብኝና ፋኖስ ይዤ ቦዩን ተከትዬ ወረድኩ። የፍልፈል ጉድጓድ አግኝቶ እየተንቆረቆረ ይገባል። በሣርና በጭቃ ደፍኜው ነጋ። ሰሌዳው በዚያ ሌሊት «ሙሉ ነው» ይል ነበር! ቀጭን ውሃ ደግሞ በሊትር ለሁሉም እናካፍል ካልን ከማንም ማሳ አይደርስም። ተራ የተባለው ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ለአንድ ሰው መልቀቅ ነው።

ሌላም አለ። በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት ላይ ተራ የደረሰውን ክርስቲያን ጎረቤቱ ይተካዋል፤ ለገና እሱ በተራው ይመልሳል። ይህን በየትኛው ቁጥር ታሰፍረዋለህ?

ባለሙያው፦ እሱን ማንም አይነካውም፤ ውሃውም ይሰብሰብ። እኔ የምለው የሰዓቱ ርዝመት በልኬት ይወሰን ነው፦ ውሃው ሲወርድ ሰዓቱ ይርዘም። የሽንኩርት ሥር በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ ነው የሚፈልገው። ራስጌ ላይ ግን ተራ ሳያልቅ ቦይ አይዘጋም፤ ፈሰሱ ጫፉ ላይ እስኪያቁር ይለቀቃል። ትርፉ የዩሪያ ማዳበሪያውን ይዞ ከሥር በታች ይወርዳል።

አዛውንቱ፦ የወረደውም ሁሉ ባከነ አትበል። ከፊሉ ቦርከና ተመልሶ ይገባል፤ ከታች በጨፋ ረግረግ በበጋ ከአፋር ድረስ የሚመጣ ከብት ይጠጣዋል። ዩሪያውን በተመለከተ ረትተኸኛል። የሰዓቱን ነገር ግን አብረን እናስላው። 540 ሜትር ኩብ ለመስጠት በዚያ በቀጭኑ ውሃ 34 ሰዓት ያስፈልጋል። 32 ሰዎች ነን። በ6 ሰዓት 8 ቀን የነበረው ዙር 45 ቀን ሊሆን ነው። ሽንኩርት 45 ቀን ይጠብቅሃል?

ባለሙያው፦ አይጠብቅም።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ጠቡ መጋቢት ላይ አይደለም። ችግኙ ሲነቀል፣ በኅዳር፣ ሁሉም ጥማዱን ሙሉ ሲተክል ነው ያለቀው። እኔም በዘመኔ የሰዓት ዳኛ እንጂ የተከላ ዳኛ አልነበርኩም፤ «አንተ ዘንድሮ ግማሹን ተው» የማለት አቅም ማን ሰጥቶኝ? የ1992ቱ የውሃ ሀብት አዋጅ ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነፃ አድርጎታል፤ ተክሎ የጨረሰውን በምን እይዘዋለሁ?

ባለሙያው፦ በ2006 የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አዋጅ አለ፤ ማኅበር ሆነን የተከላውን ስፋት በጉባኤ እንወስናለን። ሰሌዳውም ያኔ ነው የሚጠቅመን። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት በየሳምንቱ ብናነበው ወንዙ በምን ፍጥነት እየወረደ እንደሆነ ችግኝ ሳይነቀል እናያለን።

አዛውንቱ፦ አይተንስ? መጀመሪያ የሚቀንሰው ማን ነው? ራስጌው «ውሃው እኔ ደጅ ነው» ይላል፤ ግርጌው «ዕድሜ ልኬን ቀንሼ ኖሬያለሁ» ይላል።

ባለሙያው፦ ከአባቴ ሁለት ጥማድ አንዱ በመስከረም ሽምብራ ይዘራበታል። ሽምብራ በክረምቱ እርጥበት ይደርሳል፤ ከቦዩ ምንም አይጠይቅም። ሰሌዳውንም ሁሉም በሚያልፍበት በመሻገሪያው አጠገብ እተክለዋለሁ፤ ቁልፍ የለው፣ ጠባቂ የለው።

አዛውንቱ፦ ግርጌ ሆኖ ሽምብራ መዝራት ምን ይቸግራል፣ ልጄ። ራስጌው ሲዘራ ጥራኝና እመጣለሁ።