ሮማ በጾም ቀን

እህቴ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከፍራንክፈርት ተነስተን ሮማ ላይ ተገናኘን። ሐሳቡ የእሷ ነበር። «የኛዋ ፒያሳ ፈረሰች፤ እስቲ የነሱን ልየው» አለችኝ በስልክ።

ታላቄ ናት። ጢሜ ሸብቶም ለእሷ «ማሙሽ» ነኝ። ኮሎሲየም በር ላይ፣ ያ ሁሉ አገር ጎብኚ በተሰለፈበት፣ «ማሙሽ! ጃኬትህን ቆልፍ!» ስትል ሰልፉ በሙሉ ዞሮ ሕፃን ልጅ ፈለገ። ያገኙት እኔን ነው።

በቋንቋ እንቸገራለን ብለን አላሰብንም። ጣልያንኛ እኮ ያደግንበት ነው! የመጀመሪያው ማታ ሆቴል ተቀምጠን ያለንን ቃል ቆጠርን። ፌርማታ፣ ቦርሳ፣ ጋዜጣ፣ ባንኮኒ። ከዚያ ወደ መኪና ገባን፤ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ፣ ስኮርታ። በዚህ ጣልያንኛ ጋራዥ መክፈት ይቻላል። ቁርስ ማዘዝ ግን አይቻልም።

ይህን ያወቅነው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቡና ቤት ገባን። እህቴ በሙሉ ልብ «ማኪያቶ!» አለች። መጣ። ሲኒዋ የእማዬን የቡና ሲኒ ታህላለች። ውስጧ ግማሽ እንኳ ያልሞላ ጥቁር ቡና፣ አናቱ ላይ አንዲት የወተት ነጠብጣብ። እህቴ ሲኒውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ይሄ ለቅምሻ ነው?»

«ማኪያቶ እኮ በነሱ ቋንቋ ‹ነጥብ ያረፈበት› ማለት ነው። ወተቱ ነካ አድርጎት ነው የሚያልፈው።»

«ነጣ ያለ ነው ያልኩት በለው።»

ጣልያኖቹ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ቡናቸውን በሁለት ጉንጭ ጨልጠው ይወጣሉ። ወንበር ይዘህ ከጠጣህ ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል። ይህን ስነግራት «ታዲያ ሐሜቱ መቼ ሊወራ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። በኛ አገር ቡናው ሰበብ ነው። ጎረቤት ሳይነሳ፣ ምራት ሳትታማ፣ ቆሞ ጠጥቶ መሄድ መድኃኒት መዋጥ ነው። እህቴ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ሁለተኛ አዘዘች፤ ከዚያም ሦስተኛ። «አቦል ጠጥቼ በረካ ሳልደርስ የምወጣበት ምክንያት የለም!» ባሬስታው በሦስተኛው ላይ አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳት።

ቀጣዩ ቀን ረቡዕ ነበር። ይህን ቀደም ብዬ ላስብበት ይገባኝ ነበር።

ለምሳ ትራስቴቬሬ ሄድን፤ ከቲቤር ወንዝ ማዶ ያለው፣ አይቪ የሚባል ሐረግ ግድግዳውን የወረሰው፣ መንገዱ የጠበበው ሰፈር። ሮማ የምትኮራባቸው አራት ፓስታዎች አሉ። አስተናጋጁ፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ እኔ ለእህቴ አስተረጎምኩ።

«ካርቦናራ ምንድን ነው?»

«እንቁላል፣ አይብና የአሳማ ጉንጭ።»

አማተበች። «አማትሪቻናስ?»

«ቲማቲም...»

ፊቷ በራ።

«...አይብና የአሳማ ጉንጭ።»

«ግሪቻ ያለውስ?»

«እሱ እንደ አማትሪቻና ነው፤ ቲማቲሙ ብቻ የለውም።»

«ይሄ አሳማ ስንት ጉንጭ ነው ያለው?»

«ካቾ ኤ ፔፔ የሚባለው አሳማ የለውም።»

«ተመስገን! ምን አለው?»

«አይብ።»

ምናሌውን አጥፋ አስቀመጠችው። በመጨረሻ ያዘዝነው ስፓጌቲ በቲማቲም ነው። ልደታ ሰፈር ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት በየጾሙ የምትበላው ፓስታ በስጎ ማለት ነው፤ ስድስት ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን ተበርሮ የተበላ ፓስታ በስጎ።

አስተናጋጁ ሳህኑን አስቀምጦ፣ የተፈቀፈቀ አይብ በማንኪያ ይዞ ጎንበስ ሲል እህቴ ሳህኗን በሁለት እጇ ከደነችው። ሰውዬው ደነገጠ። አይብ እምቢ ያለ ሰው አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። ከዚያ የባሰው መጣ። ቦርሳዋን ከፍታ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣች። ሚጥሚጣ።

«ፔፔሮንቺኖ?» አለ ሰውዬው በማንኪያው እያመለከተ።

«ሲ፣ ሲ!» አለች እህቴ። ከጋራዥ ውጪ የምታውቃት ጣልያንኛ ይቺው ናት። ቆንጠር አድርጋ ዳቦ ላይ ነስንሳ ሰጠችው። ልታጎርሰው እጇን ዘርግታ ነበር፤ በግድ ያዝኳት። ጎረሰ። ዝም አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ወደ ወጥ ቤት ገባ። «ገደልሽው» አልኳት። ትንሽ ቆይቶ ምግብ አብሳዩን አስከትሎ ወጣ። ምግብ አብሳዩ ባዶ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ይዟል፤ ለራሱ እንድትሰጠው።

እንዲያም ተወዳጅተን ሒሳቡ ላይ «ፓኔ» የሚል ነገር አለ። ዳቦ ነው። ሳናዝ የመጣው ዳቦ ዋጋ። እህቴ ምንም አላለችም። የተረፈውን ዳቦ በሶፍት ጠቅልላ ብልቃጡ ከወጣበት ቦርሳ ከተተችው።

ከዚያ ወደ ክፍያው ጦርነት ገባን። እኔ ካርዴን ስዘረጋ እጄን ያዘች። «በእማዬ ሞት!» «በአባዬ አጥንት!» «አንተ ልጅ፣ እኔ እያለሁ?» ክንድ ለክንድ ተያያዝን። ካሸሯ ስልኳን አነሳች። ለፖሊስ ልትደውል ይሁን ቪዲዮ ልትቀርጽ አላውቅም። እህት ለወንድሟ ምሳ ለመክፈል የምትታገልበትን ምክንያት በጣልያንኛ የማስረዳበት ቃል ከካምቢዮና ከፍሪሲዮን መካከል አልተገኘም። እሷ አሸነፈች።

ትሬቪ ፏፏቴ ጋ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በቀኝ እጁ ሳንቲም በግራ ትከሻው ላይ ይወረውራል፤ ሮማ ተመልሶ እንዲመጣ። እህቴ ዩሮውን በብር መታችና አንድ ብር ወረወረች። «ከሩቁ አንድ ነው የሚመስለው» አለች። ገንዘቡ ተለቅሞ ለድሆች ርዳታ እንደሚሰጥ ስነግራት ግን ደነገጠች። «ሙዳይ ምጽዋት ነው እንዴ? ምነው ቀድመህ አትናገርም!» አማትባ ሁለት ዩሮ ጨመረች።

ማታ የአክሱም ሐውልት የነበረበትን ቦታ ካላየሁ አለች። ፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1937 ወስዶ እዚያ ተከለው። የተመለሰው በ2005 ነው፤ ለሦስት ተከፍሎ፣ በአውሮፕላን። እህቴ ቦታውን ዞር ዞር ብላ አየች። ድስት ተውሶ ዓመት ያቆየ ጎረቤት ቤት የገባች ሴት ትመስል ነበር። «ሌላ የቀረ ዕቃ የለም?» አለች።

ከዚያ እግሯን አመማት። ለጉዞው የተገዛው አዲስ ጫማ፣ ቀኑን ሙሉ የሮማ ኮብልስቶን ላይ። መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ታክሲ ልጥራ አልኳት።

«አበበ በየት በኩል ነው የጨረሰው?»

በዚሁ በኩል ነው። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከመሸ በኋላ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያኔ እዚህ በነበረው ሐውልት አጠገብ አልፎ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ገባ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ቅስቱ ከተቀመጥንበት ቀጥ ባለው መንገድ ጫፍ ላይ ነው።

ጫማዋን አወለቀች። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን በእጇ። ነጠላዋን አጣፋች። እህቴ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ታማለች። እየተራመደች፣ እያረፈች፣ እኔን «ወደኋላ አትቅር» እያለች ቅስቱ አጠገብ ደረሰች። የብረት አጥሩን በእጇ መታ አደረገችና እያለከለከች ዞረች።

«ማሙሽ፣ ሰዓት ይዘህልኛል?»