ኬኩ የወደቀው ሙያ ጠፍቶ አይደለም

ቤት የተጋገረ ኬክ መሃሉ ስምጥ ካለ ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቃል፤ "የእጅ ነገር ነው" ይባላል። ወጥ ቢጣፍጥም እጅ፣ ባይጣፍጥም እጅ። እኔ ግን ከኢንተርኔትና ከመጽሔት የማገኘውን የምግብ አሠራር አራት ኪሎ ባለችው ኩሽናዬ መሞከር ከጀመርኩ ወዲህ እጅ መውቀስ ትቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፤ ጸሐፊው የት ሆኖ እንዳበሰለው አይነግረንም።

አራት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብናነደው ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው "ሽምብራውን 1 ሰዓት ቀቅሉ" ቢል ለራሱ ልክ ነው፤ እኛ ጋ ግን ሲዘፈዘፍ ያደረ ሽምብራ እንኳ በ1 ሰዓት ጥርስ ይፈትናል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ውሃዋን 96 አካባቢ ታፈላለች፤ እዚያ ለተጻፈም ቢሆን እዚህ ጊዜ መጨመር አለበት።

ኬክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከፍታ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው ጋዝ በጣም ይለጠጣል፤ ሊጡ ሳይረጋ ይነፋና የሚይዘው ሲያጣ ይወድቃል። መላው የታወቀ ነው፦ ከቤኪንግ ፓውደሩ ሩብ ያህሉን መቀነስ፣ ስኳሩንም ትንሽ መቀነስ፣ ወተት ወይም ውሃ ጥቂት የሾርባ ማንኪያ መጨመር፣ ኦቨኑን 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ። እንቁላሉንም አትርሱ። የአሜሪካ አሠራር "ትልቅ እንቁላል" የሚለው ከነቅርፊቱ 57 ግራም ያህል ነው፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን 40 ግራም አካባቢ ነው። "4 እንቁላል" ሲሉን ሁለት ሊጎድለን ምንም አይቀረው። (350 ዲግሪ የሚል አንብቦ የኦቨኑን ቁልፍ እስከ ጥግ የሚያዞርም አለ፤ ፋራንሃይት ነው፣ በእኛ 177 ነው።)

የራሳችን አሠራሮች ሕመም ሌላ ነው። "በርበሬ በቂ፣ ጨው በመጠኑ።" በቂው ስንት ነው? በርበሬ ጨው አብሮት ስለሚፈጭ የአንዱ ቤት ሁለት ማንኪያ ለሌላው ቤት ወጡን ያበላሸዋል።

ሆኖም ፈረንጅ የማይጽፈውን ምልክት እኛ እናውቃለን። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት "ለ10 ደቂቃ ጥበሱ" የሚል ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ። ቀይ ሽንኩርት በደረቁ ሲቁላላ መጀመሪያ ውሃውን ለቆ ይንጫጫል፤ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀንስና ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ያኔ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው፤ የሽንኩርቱ ቅርጽ ጠፍቶ እስኪላላ ድረስ። በርበሬው ገብቶ ቁሌቱ ሲበስል ቅባቱ ገፍቶ ከላይ ይወጣል። ይህ በየትኛውም ከፍታ ይሠራል፤ ደቂቃው ግን አይሠራም።

"እናቶቻችን መቼ በሚዛን ሠሩ?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እነሱ ግን ከእናታቸው ጎን ቆመው፣ እየቀመሱ፣ እየተቆጡአቸው ነው የተማሩት። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ወጣት ስልኩን ድስቱ ጎን አቁሞ ነው የሚማረው፤ ስልኩ "ኧረ አረረብህ!" አይለውም።

ስለዚህ በቴሌቪዥንም በኢንተርኔትም ምግብ የምታሳዩን ሰዎች፣ ግራሙንም ምልክቱንም አብራችሁ ስጡን፤ የት ከተማ እንደሞከራችሁትም ጨምሩበት። አንድ መስመር ናት። የአዲስ አበባ ኬክ ቤት ጋጋሪዎችማ ይህን ከፍታ በየቀኑ እየተቋቋሙት ነው። ከእነሱ አንዱ የቤኪንግ ፓውደሩን ልክ ጽፎ ቢያሳትም የመጀመሪያዋ ገዥ እኔ ነኝ።