ሳንቲሟን ባያወጣት ኖሮ

ስለ ጊዜ ጉዞ የፍቅር ፊልሞች የጻፋችሁትን አነበብኩ። «መጽሐፉን ያነበበ ሰው በፊልሙ አይደሰትም» ያላችሁት ግን እኔ ላይ አልሠራም። ቅዳሜ እዚህ ሐዋሳ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን ከእህቴ ጋር «ሰምዌር ኢን ታይም»ን አየን። የ1980 ፊልም ነው፤ ከሪቻርድ ማቲሰን የ1975 ልብ ወለድ የተወሰደ (ሁሉም በፈረንጆቹ)።

መጽሐፉ ላይ ሆቴሉ ካሊፎርኒያ ነው፤ የድሮ ዘመን ሴት ወድዶ በጊዜ ወደ ኋላ የሚጓዘው ሰውየው የሚመለሰውም ወደ 1896። ፊልሙ እዚያው አሜሪካ ወዳለችው ማኪናክ ደሴትና ወደ 1912 አዛውሮታል። ደግ አደረገ! ደሴቷ ላይ መኪና ክልክል ነው፤ ዛሬም በፈረስ ጋሪ ነው የሚኬደው። የኮቴው ድምፅ የልጅነት ሰፈራችንን አመጣብኝ።

ማሽን የለም፣ መብረቅ የለም። ሰውየውን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ሪቭ የድሮ ሱፍ ለብሶ አልጋ ላይ ይጋደማል። በዚያ ዘመን እንዳለ ራሱን ያሳምናል። ይሄዳል። በቃ።

የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የራህማኒኖፍን ዜማ ለሚወዳት ልጅ ሲያንጎራጉርላትስ? ልጅቷ ሙዚቀኛውን ታውቀዋለች፣ ዜማውን ግን ሰምታው አታውቅም። የተደረሰው በ1934 ነዋ! እዚህ ጋ አንጀቴን በላው።

ከዚያ ያቺ ሳንቲም። ልጅቷን ከምትጫወተው ከጄን ሲሞር ጋር እየተሳሳቁ እጁን ኪሱ ይከታል። ያወጣታል። 1979 ይላል፤ የመጣበትን ዘመን አስታውሳ ወደዚያው ትመልሰዋለች። እህቴ የቡና ስኒዋን እንደያዘች «ውይ፣ ተዋት!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ስሙን እየጠራች እሱ ይርቃል፣ ይርቃል።

መጽሐፉን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። የሚሆነውን አውቅ ነበር። አለቀስኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ፍቅር ሐይቅ ድረስ በእግራችን ወረድን። እህቴ መንገዱን ሙሉ ያንን ዜማ ታንጎራጉር ነበር።