የ35 ዶላር ውለታ

አሜሪካ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል። አካውንትህ ላይ 3 ዶላር ቀርታለች። በካርድህ የ5 ዶላር ማኪያቶ ትጠጣለህ። ባንኩ የጎደለችውን 2 ዶላር ይሞላልህና 35 ዶላር ኦቨርድራፍት ይቆርጥብሃል። ሰሞኑን ይህ የደረሰበት ወዳጄ «ይህ ቅጣት ነው» እያለ ሲበሳጭ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ጣልቃ ገባ፤ «ፈርመህ የለም እንዴ?»

እኔ እነዚህን ሰዎች አደንቃቸዋለሁ። በየካፌው አንድ አይጠፋም። ባንኩ ሳይቀጥራቸው ጥብቅና ይቆሙለታል። ክርክራቸው ደግሞ ሲያምር! ቅጣት ውል ላፈረሰ ነው፤ አንተ ግን ምንም አላፈረስክም፤ አገልግሎት ገዛህ እንጂ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዲህ ያለው ክፍያ የአገልግሎቱ ዋጋ አካል ስለሆነ፣ በዛ ተብሎ በሸማቾች ደንብ አይመረመርም ብሏል።

አገልግሎቱስ ቢሆን ምን ይወጣለታል! ብዙ ባንኮች ለዓመታት ሲሠሩበት የኖሩትን ዘዴ እዩልኝ። አካውንትህ ላይ 910 ዶላር አለ። ጠዋት አውቶቡስ 2፣ ቀጥሎ ማኪያቶ 5፣ ከሰዓት እንጀራ 12፣ ማታ የኪራይ ቼክ 900። በመጡበት ቢስተናገዱ የሚጎድለው ለኪራዩ ብቻ ነው፤ አንድ 35። ባንኩ ግን ጨዋ ነው፤ ታላቅ ያከብራል። ኪራይ ሽማግሌ ነውና መጀመሪያ እጁን ይታጠብ፤ 900ውን ይብላ። እንጀራ ሲቀርብ ማዕዱ ላይ 10 ዶላር ናት፤ 35 ይቆረጥ። ማኪያቶ «እኔ እኮ በጠዋት ነው የመጣሁት» ይላል። ልጅ ከታላቁ አይቀድምም! ሌላ 35። ከሁሉም ቀድማ የመጣችው አውቶቡስ በር ላይ ቆማ ቀረች፤ ለእሷም 35። በጠቅላላው 105 ዶላር፣ ለጨዋነት።

ቀልዱን ልተወው። ሃያ ሺህ ዶላር ያስቀመጠ ሰው ይህን ክፍያ አያውቀውም። የሚከፍለው ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲጠብቅ አድሮ፣ ደመወዙ አርብ ሊገባ ሐሙስ ላይ ያለቀበት ነው። ከሌለው ላይ፣ ስለሌለው መውሰድ ዝርፊያ ነው። ፊርማ አያጥበውም።

በ2024 መጨረሻ ለትልልቅ ባንኮች የዚህን ክፍያ ጣሪያ በአንድ አማራጭ 5 ዶላር ያደረገ ደንብ ወጥቶ ነበር። ኮንግረስ በ2025 ሥራ ላይ ሳይውል ሻረው። የሸማች ነገር!

ደግነቱ ከ2010 ጀምሮ ለኤቲኤምና ለተራ የካርድ ግዢ፣ አስቀድመህ «እሺ» ካላልክ ባንኩ ይህን ክፍያ ሊጠይቅህ አይችልም። ያንን «እሺ» ደግሞ በፈለግክ ቀን መሰረዝ ትችላለህ። «ፈርመህ የለም እንዴ» ባዮቹ ይህን አይነግሩህም። ውሉን አንብበውት ቢሆን ነው።