በትሮፊ ስም ደሞዝ የሌለው ሥራ

99 ከ100። ጌሙ የተደበቁ መቶ ዕቃዎችን ሰብስበህ ስትጨርስ ትሮፊ፣ ማለትም አካውንትህ ላይ የሚቀመጥ ዲጂታል ሽልማት፣ ይሰጥሃል፤ አንዱ ግን ጎደለ። ከዚህ ቁጥር የባሰ ጌመርን የሚያሳርር ነገር ካለ ንገሩኝ። ካርታው ላይ ያልተረገጠ ቦታ የለም፣ ጋይዱ (የጌሙ መመሪያ) ላይ የተጻፈው በሙሉ አንድ በአንድ ተዞሯል፣ ቆጣሪው ግን 99 ላይ ተገትሮ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ኮሜንት ላይ "በደንብ አልፈለግክም" የሚል ይመጣል። ኧረ ተዉ! አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፈላጊው አይደለም፣ የሠሪው ነው።

ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ። ብዙ ጌም ላይ "ይህ ዕቃ ተወስዷል" የሚለው ምልክትና "እስካሁን ስንት ተወሰደ" የሚለው ቆጣሪ ለየብቻ ነው የሚመዘገቡት። ዕቃውን አንስተህ ቆጣሪው ሴቭ ሳይደረግ ጌሙ ክራሽ ካደረገ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ዕቃው ተወስዷል ተብሎ ከቦታው ይጠፋል፣ ቆጣሪው ግን አላየውም። ከዚያ በኋላ ጌሙን ከዜሮ ካልጀመርክ በቀር ያ አንድ ቁጥር አይመለስም። መድኃኒቱ እኮ ቀላል ነው። ሴቭ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ምልክቶቹን እንደገና ቁጠርና ቆጣሪውን አስተካክል፣ መቶ ከሞላ ትሮፊውን ስጥ። በቃ፣ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫው) ላይ ደግሞ አቺቭመንት፣ ማለትም የስቲም ትሮፊ፣ የሚከፈተው በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ "ተገኝቷል" ተብሎ ሜሞሪ ላይ ይያዛል፣ ቀጥሎ ወደ ሰርቨሩ እንዲላክ ትእዛዝ ይሰጣል። ሠሪው ሁለተኛውን ትእዛዝ ከረሳው አቺቭመንቱ በሰዓቱ ብቅ አይልም። ይህን ሳይፈትሹ ጌም ለገበያ ማውጣት ምን ይባላል?

"ትሮፊ ማሳደድ ራሱ ከንቱ ነው፣ ምን ያስጨንቃችኋል" የምትሉም አላችሁ። አልስማማም። ነገሩ ከኮንሶሎቹ ሲስተም በፊት የነበረ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አክቲቪዥን ለአታሪ 2600 ጌሞቹ እንዲህ ያደርግ ነበር፦ ፒትፎል ላይ 20,000 ነጥብ ያስመዘገበ ሰው የቴሌቪዥኑን ስክሪን ፎቶ አንስቶ በፖስታ ይልካል፣ ኩባንያው ደግሞ ልብስ ላይ የሚሰፋ ባጅ ይልክለታል። ቀጥሎ በ2005 ኤክስቦክስ 360 ጌመርስኮር (የአቺቭመንት ነጥብ) ይዞ መጣ፣ በ2007 ስቲም አቺቭመንት ጀመረ፣ በሐምሌ 2008 ደግሞ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ትሮፊ ገባ። ሰው ለፍቶ ያገኘውን ማሳየት ይወዳል፣ ይሄ ነውር የለውም።

ጥሩ አቺቭመንት ምን እንደሚመስልም እናውቃለን እኮ። ሃፍ ላይፍ 2 ውስጥ የሬቨንሆልምን ከተማ በግራቪቲ ጋን (ዕቃ አንስቶ በሚወረውረው መሣሪያ) ብቻ ጨርስ የሚል አለ። ጠመንጃህን ትተህ መጋዝ፣ በርሜልና ራዲያተር እያነሳህ ስትወረውር ያንኑ ቦታ እንደ አዲስ ታየዋለህ። ተከታዩ ኤፒሶድ ዋን ላይ ጌሙን ሙሉ አንዲት ጥይት ብቻ ተኩሰህ ጨርስ ይልሃል፤ ቦምብ፣ ሮኬት፣ የብረት መፈንቀያውና ግራቪቲ ጋኑ ይፈቀዳሉ። ኤፒሶድ ቱ ላይ ደግሞ መጀመሪያው አካባቢ የምታገኛትን የአትክልት ቦታ ማስጌጫ ትንሽ ሐውልት ተሸክመህ ሄደህ መጨረሻ ላይ ያለው ሮኬት ውስጥ ታስገባታለህ። መኪና ስትነዳ ትወድቅብሃለች፣ ስትዋጋ አስቀምጠሃት ትረሳታለህ፣ ተመልሰህ ትፈልጋታለህ። እነዚህን የጻፈው ሰው ጌሙን ያውቀዋል፣ ይወደዋልም።

ክብደትም አይደለም የሚያናድደኝ። ዎልፈንስታይን 2 ላይ "ማይን ሌበን" የሚባለው ደረጃ ሴቭ የለውም፣ አንዴ ከሞትክ ከመጀመሪያው ነው። ጭካኔ ነው፣ ግን ሕጉን ቀድሞ ይነግርሃል፣ የሚለካውም ችሎታህን ነው። ከዚህ ጋር የ2006ቱን ዴድ ራይዚንግ አስተያዩት። "ሰባት ቀን ኑር" ይልሃል፣ ያ በሰዓት ሲቆጠር ወደ 14 ሰዓት ያህል ነው፣ በመሀል ሴቭ ማድረግ አይቻልም፣ ጤናህ ዝም ብሎ ይቀንሳል። አብዛኛው ሰዓት ምግብ ቆጥቦ መብላትና መደበቅ ነው። 13ኛው ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ አለቀ። ይሄ ችሎታህን የቱ ጋ ነው የለካው?

ጌሙን ለማስረዘም ብቻ የገቡትን የመሙያ ትሮፊዎች ነገርማ ተዉት። የመጀመሪያው አሳሲንስ ክሪድ 420 ባንዲራ በትኖ ካርታው ላይ አንዱንም አያሳይህም። የመጀመሪያው ጊርስ ኦፍ ዎር በራንክድ ማልቲፕሌየር (ከሌሎች ሰዎች ጋር በኦንላይን በሚደረገው የደረጃ ግጥሚያ) 10,000 ግድያ ጠየቀ። እስቲ እናስላው፦ በአንድ ግጥሚያ 20 ብትገድል 500 ግጥሚያ ነው፣ አንዱ 15 ደቂቃ ቢፈጅ 125 ሰዓት። ፋይናል ፋንታሲ 10 ሪማስተር ላይ መብረቅ 200 ጊዜ በተከታታይ ሳይመታህ ዝለል ይባላል፣ ስክሪኑ ላይ ቆጣሪ የለም፣ 199ኛው ላይ ብትሳሳት ወደ ዜሮ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ዘዴ ሜዳው ደቡብ በኩል ያለችውን ጉድጓድ መጠቀም ነው። በገባህባት ቁጥር መብረቁን ትጠራለች፣ ስለዚህ ጊዜው የዘፈቀደ መሆኑ ይቀርና ምቱን ትለምደዋለህ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ በአሥር በአሥር ያዙ፣ በጭንቅላት የሚቆጥር ሰው መቶ ላይ ይጠፋበታል። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ዘዴው ራሱ ጌሙን ለማምለጥ የተፈለሰፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ልምጣ፦ የሚያመልጡ ትሮፊዎች። ምዕራፍ ሦስት ላይ አንድ ሰው ሳታናግር ካለፍክ ትሮፊው ሄደ፣ የምታውቀው ግን 40ኛው ሰዓት ላይ ነው። አብሮት አንድ ኦቶ ሴቭ (ጌሙ ራሱ የሚያስቀምጠው) ብቻ ያለው፣ ምዕራፍ መርጦ መመለስ የማይቻልበት ጌም ሲሆን አንጀት ያሳርራል። ከነዚህ ሦስቱ አንዱን ቢያስተካክሉ ችግሩ የለም። ወይ ምዕራፍ መምረጫ አስገቡ፣ ወይ ብዙ የሴቭ ቦታ ስጡ፣ ወይ ያ ሰውዬ ኋላም እንዲገኝ አድርጉ።

እስኪያስተካክሉ ድረስ ሴቫችሁን ራሳችሁ ጠብቁ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ መጀመሪያ ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ከኋላ ተከፍቶ አይቆይ። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት፣ ቀጥሎ ሲስተም ስቶሬጅ፣ ቀጥሎ ወደ ዩኤስቢ ኮፒ። ፍላሹ በኤፍኤቲ 32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ይሁን፣ ካልሆነ ኮንሶሉ አያነበውም። ይህን ምዕራፍ ሲጀመርና ከባድ ምርጫ ከመምጣቱ በፊት አድርጉት። ነገሩ ሲበላሽ የድሮውን ከፍላሹ መልሳችሁ ትተኩታላችሁ። ትሮፊ ከሴቭ ፋይሉ ተለይቶ አካውንቱ ላይ ስለሚመዘገብ ቀድሞ የወጣው አይጠፋም። ለዚህም ነው ሁለት መጨረሻ ያለውን ጌም ሁለቴ መጫወት የማያስፈልገው፤ ከምርጫው በፊት ኮፒ፣ አንዱን መጨረሻ እዩ፣ መልሱ፣ ሌላውን እዩ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ግን የፒኤስ 5 ጌም ሴቭ ወደ ፍላሽ አይወጣም፣ ያለው መንገድ ክላውድ ነው፣ እሱም የፒኤስ ፕላስ (የፕሌይስቴሽን አባልነት) ክፍያ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ኦቶ ሲንኩን (ሴቩን ራሱ ወደ ክላውድ የሚልከውን) አጥፉት። ካላጠፋችሁት የተበላሸው ሴቭ በጥሩው ላይ ይጻፍና ልፋታችሁ ገደል ይገባል። የራሴን ሴቭ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ በየወሩ ክፍያ ይጠይቀኝ የሚያሰኝ ምን ምክንያት እንዳለ እስካሁን አልገባኝም።

የኦንላይን ትሮፊ ደግሞ ሌላ በደል ነው። ጌሙ ብቻህን የምትጫወተው ታሪክ ሆኖ ሳለ ሁለት ሦስት የማልቲፕሌየር ትሮፊ ይጨምሩበታል፣ ሰርቨሩ ሲዘጋ ፕላቲነሙም (ሌሎቹ ትሮፊዎች ሲያልቁ የሚሰጠው የመጨረሻው ትሮፊ) አብሮ ይቀበራል። ግራን ቱሪስሞ ስፖርት ሰርቨሩ የተዘጋው ጥር 2024 መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የኦንላይን ውድድር የሚጠይቁት ትሮፊዎች አይገኙም። ዲስኩን ዛሬ የሚገዛ ሰው ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ነው ዝርዝሩ ላይ የሚያየው፣ "ይህ ከእንግዲህ አይቻልም" የሚል ምልክት እንኳ የለም። ስለዚህ ያገለገለ ጌም ስትገዙ ሰርቨሩ በሕይወት መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሰርቨሩ ካለም የኦንላይኑን ትሮፊ መጀመሪያ ጨርሱት፣ ምክንያቱም ታሪኩ ይጠብቃችኋል፣ ሰርቨሩ ግን አይጠብቅም።

ዲኤልሲውም (ከጌሙ በኋላ የሚወጣው ተጨማሪ ክፍል) ይቆጠር። ፕላቲነም የሚጠይቀው የዋናውን ጌም ዝርዝር ብቻ ስለሆነ አንዴ ከወጣ አይነጠቅም፣ መቶ ፐርሰንት የነበረው ግን ዲኤልሲ በወጣ ማግስት ዝቅ ይላል። የተጨረሰ ጌም ያልተጨረሰ ሆኖ ይታያል። ለመመለስ ግዛ ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን ለትሮፊ የሚሰጠው ነጥብ ራሱስ? ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ብሮንዝ 15፣ ሲልቨር 30፣ ጎልድ 90፣ ፕላቲነም 300 ነው። ማይ ኔም ኢዝ ማዮ የሚባለው ጌም ላይ የማዮኔዝ ማሰሮ 10,000 ጊዜ በመጫን የሚገኘው ፕላቲነም 300 ነው፣ መቶ ሰዓት የሚፈጀውም 300 ነው። ስለዚህ የሰው ፕሮፋይል ላይ ደረጃውን አይታችሁ አትፍረዱ፣ ዝርዝሩን ከፍታችሁ የትኞቹን ጌሞች እንደጨረሰ እዩ።

በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የሚባሉ ተመራማሪዎች መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ መሳል የሚወዱ ልጆችን በሦስት ከፍለው አጠኑ። አንደኞቹ ከሳላችሁ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ ተባሉ። ሁለተኞቹ ሳይነገራቸው ከሳሉ በኋላ ተሰጣቸው። ሦስተኞቹ ምንም አላገኙም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ሲታዩ ቃል የተገባላቸው ልጆች በራሳቸው ፈቃድ የሚስሉበት ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሳይጠብቁ ያገኙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። ሽልማቱ ያው ነው፣ ልዩነቱ ቀድሞ መታወቁ ብቻ ነው።

የብሶቴ ልብ ይኼ ነው። ሳይታሰብ ጥግ ላይ ብቅ የሚል ትሮፊ ደስ ይላል፣ ጌሙን አይጎዳውም። የሚጎዳው ዝርዝሩን ይዞ መጫወት ነው። እነዚህ ሰዎች ግን የሚያመልጥ ትሮፊ፣ የሚበላሽ ቆጣሪና የሚዘጋ ሰርቨር አስገብተው ገና ጌሙን ሳንከፍት ዝርዝሩን እንድናነብ ያስገድዱናል። ስልክ ላይ ጋይድ ተከፍቶ፣ ቪዲዮ በየደቂቃው እየቆመ፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ እንደ ቼክሊስት የሚጨርሰው ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ካላደረገው 40 ሰዓቱ እንደሚቃጠል ስላወቀ ነው።

እኔ የምመክረው ዝርዝሩን ሳታነቡ ጋይድ ላይ አራት ነገር ብቻ ፈልጋችሁ እንድትዘጉት ነው። የሚያመልጥ አለ ወይ፣ ኦንላይን አለ ወይ፣ ባግ (የኮድ ስህተት) ያለበት ትሮፊ አለ ወይ፣ በከባዱ ደረጃ ከጨረስኩ የቀላሉም አብሮ ይወጣል ወይ። አራተኛው አንድ ሙሉ ዙር ያተርፍላችኋል፣ አንዳንድ ጌም አብሮ አይሰጥምና። መልሱ ደህና ከሆነ ጋይዱን ዘግታችሁ እንደ ሰው ተጫወቱ። ታሪኩ ሲያልቅ ዝርዝሩን ክፈቱት፣ የቀረውን አስሉ። አሥር ሰዓት ከሆነና ጌሙን ገና ካልጠገባችሁት ቀጥሉበት፣ ያ ጊዜ አይባክንም። የቀረው አንድ ቁልፍ እየተጫነ የሚቆጠር ብቻ ከሆነ አጥፉትና ወደ ሌላ እለፉ። 60 ሰዓት የተደሰታችሁበትን ጌም በመጨረሻዎቹ 20 ሰዓታት እንድትጠሉት አታድርጉ።

ጌም የምትሠሩ ወገኖች ካላችሁ ደግሞ ለምኜ ልጠይቃችሁ። ሴቭ ሲከፈት ቆጣሪውን እንደገና ቁጠሩ። የተደበቀው ዕቃ ስንት እንደቀረ በየምዕራፉ አሳዩ። ሰርቨር ልትዘጉ ስትወስኑ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ የመጨረሻ ፓች (ማስተካከያ) ልቀቁና የኦንላይኑን ትሮፊ ከቦት (ኮምፒውተሩ ከሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ጋር በመጫወት እንዲወጣ አድርጉት።