ክብር ፊልትሮ ከፍቶ ለማያውቅ

የሞተር መጋዝ እያለው የአየር ፊልትሮውን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሊከበር ይገባዋል። ከምሬ ነው። እኛ ፈሪዎቹ ሥራ ባለቀ ቁጥር ክዳን እናነሳለን፣ በብሩሽ እንጠራርጋለን። እሱ ግን በፋብሪካው ላይ ሙሉ እምነት አለው። መመሪያው «ፊልትሮውን በየቀኑ እይ» ይላል አሉ። መመሪያ ማንበብ ደግሞ ሥራ የማይችል ሰው ሙያ ነው።

ቁጠባውስ! ፊልትሮው በሰጋቱራና በዘይት ሲደፈን አየር ያንሳል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ጭሱ ይወፍራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱ ይከዳል። ቢሆንም ጌታው የብሩሽ ወጪ ተርፎለታል። ሰንሰለቱንም አይሞርድም። የደነዘዘ ሰንሰለት እንጨቱን በመቁረጥ ፈንታ ስለሚፈጨው፣ ብናኙ ደቆ ፊልትሮውን ቶሎ ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ቅንጅት በአጋጣሚ አይገኝም።

መጋዙ ሲደክም ፊልትሮውን ያያል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ሰውየውን አታውቁትም። መጀመሪያ ቤንዚኑን ይጠረጥራል። ቀጥሎ ካንዴላ ይቀይራል። በመጨረሻ ካቻቢቴውን መዝዞ አየርና ቤንዚን በሚደባልቀው ካርቡሬተር ላይ ይዘምታል። ብሎኑን ያጠብቅና ቤንዚኑን ይቀንሳል። እውነትም ሞተሩ ነፍስ ይዘራል! «አላልኳችሁም?» ይላል።

ከዚያ አንድ ቀን መጋዙን የተዋሰ ሰው ፊልትሮውን ያጸዳዋል። አሁን አየሩ እንደ ልቡ ይገባል፤ ቤንዚኑ ግን እንደተቀነሰ ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው፤ በብዙዎቹ መጋዞች ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል። ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይጫጫራል፣ በመጨረሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ጥፋተኛው ማን ነው? ያጸዳው ሰው ነዋ! ድሮስ ፊልትሮ ይነካል?

አጽጂዎች ውስጥም ጀግኖች አሉ። ሞተሩን ማጥፋት ያስታውሳሉ፤ የካርቡሬተሩን የአየር መግቢያ የሚከድነውን ቾክ መዝጋት ግን ለሰነፍ ይተዋሉ። ፊልትሮው ሲነሳ ሰጋቱራው በቀጥታ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ በኮምፕሬሰር ከውጭ ወደ ውስጥ ይነፉታል፤ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሰገሰጋል። የኛ ቢጤ ፈሪ ብናኙን በቀስታ ያራግፋል። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ያጥባል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በትንሽ ግፊት ይነፋል፣ ጠብ የሚል እርጥበት እስከማይኖረው ድረስ ያደርቃል። ይባስ ብሎ ወደ ብርሃን ይዞ ቀዳዳ ይፈልጋል! ቀዳዳ ካገኘ ይጥለዋል። እንዲህ ያለ ብክነት!

የሁሉም አለቃ ግን ፊልትሮውን ጨርሶ አውልቆ የሚሠራው ነው። «ያለሱ እንዲያውም ይተነፍሳል» ይላል። ልክ ነው፤ አቧራውን፣ አሸዋውን፣ የእንጨቱን ብናኝ ሁሉ አንድ ላይ ይተነፍሳል። ሲሊንደሩ ከውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ባለ ነገር ሲታሽ ይውላል። ዕድሜ ለእሱ፣ የፒስተን ነጋዴ ጦሙን አያድርም።